መምህር ገዛኸኝና የእትየ ስንዱ ግድግዳ

መምህር ገዛኸኝ ማረፋቸውን የሰማሁት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ቆሜ ነው። የደወለልኝ አንድ የድሮ ባልደረባችን ነበር። «መምህር ገዛኸኝ ዐረፉ፤ ትናንት ተቀበሩ» አለኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም፤ ከዚያ በላይ የሚነገር ነገር አልነበረም። በማግስቱ በደብረ ታቦር በኩል ዞሬ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደሚኖሩበት ወደ እስቴ ሄድኩ።

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መስኮት ነው። የማያውቅ ሰው ቢገባ የአናጢዎች ስብሰባ ይመስለዋል። አንድ ገበሬ «ቤት ስሠራ መጡና ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመሩልኝ። በር መስሎኝ ሁለት በር ምን ያደርግልኛል ብላቸው፣ መስኮት ነው አሉኝ» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «በልጄ ሠርግ ዳሱ ጨለመባቸውና ቆመው በሉ። ዘመድ የተጣላን መስሎት ሲያስታርቀን ዋለ» ይላሉ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው «ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት ያኑርልን» ሲሉ፣ ለማንም የሚባል ቢሆንም፣ አንዳንዱ ሰው ቀና ብሎ ተያየ።

እኔ የማውቀው ታሪክ አርብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም፤ ለቅሶ ላይ የሚወራም አልመሰለኝም።

አርብ ገበያ ስመደብ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። መምህር ገዛኸኝ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቤት ሲገቡ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ያያሉ። የመዳፋቸው መስመር ከታያቸው ይቀመጣሉ። ካልታያቸው አይቀመጡም፤ የቀረበላቸውን ጠላ ቆመው ይጠጡና አመስግነው ይወጣሉ። መጀመሪያ ያየኋቸው ጊዜ፣ ምን ዓይነት ጠንቋይ ነው ፊዚክስ የሚያስተምረው ብዬ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ክፍሎች መስኮት ነበራቸው፤ ግን መዝጊያቸው ቆርቆሮ ነው። አገሩ ደጋ ስለሆነ፣ ንፋሱም ስለሚቆርጥ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ተዘግተው ይከርማሉ። መምህር ገዛኸኝ ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ሁሉንም በርግዶ መክፈት ነው። «ይኼ ጎተራ ነው» ይላሉ። «ጎተራ ውስጥ የሚቀመጥ እህል ነው። እህል ደግሞ አያነብም።» ተማሪዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ነገሩ ወላጆች ጆሮ ደረሰና ስብሰባ ተጠራ።

«ልጆቻችንን በብርድ ልትፈጁብን ነው» አሉ አንድ አባት ተነስተው።

«በጨለማ ምን ይማራሉ?» አሉ መምህር።

«ድሮም የተማሩት በጨለማ ነው።»

«ውጤታቸውን አይተውታል?»

አባትየው ውጤቱን አይተውታል። ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ መምህር ለችግኝ ቤት የሚሆን ነጭ ላስቲክ ከየትም ፈልገው አመጡና በየመስኮቱ ላይ ወጥረው መቱት። ብርሃን ገባ፣ ብርዱ ቀነሰ። ንፋስ ሲነሳ ግን ላስቲኩ እንደ ከበሮ ይመታል። እኔ እዚያ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩት በከበሮ ነው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ለምን እንዲህ እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። የፀሐይ ብርሃን ለዓይን፣ ለአጥንት፣ ለሳንባ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሱን ለተማሪዎች ነው የሚሉት።

«ልጅ ሆነን እኔና ወንድሜ ኩፍኝ ወጣብን» አሉኝ። «ያን ጊዜ ኩፍኝ የወጣበት ብርሃን ማየት የለበትም ተብሎ ጨለማ ቤት ነው የሚተኛ። ጎን ለጎን አስተኙን። አንድ ጠዋት እናቴ በሩን ስትከፍተው ወንድሜ ሞቷል። መቼ እንደሞተ አላውቅም። እጁ እጄ ላይ ነበረ፤ ፊቱን ግን አላየሁትም።»

እሳቸው ካፖርታቸውን አራገፉና «ትርፍ ጠመኔ አለሽ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ወደ ክፍል ገቡ።

የምንኖረው አንድ ግቢ ነበር፤ እትየ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት ቤት ተከራይተን። ትልቁ ቤት ጀርባው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በጎን ከተቀጠሉት ክፍሎች አንዱ የኔ፣ አንዱ የመምህር። በግቢው ውስጥ አንድም መስኮት የለም። መምህር ሲገቡ መዳፋቸውን ዘርግተው አይተዋል፤ ምንም አልታያቸውም። ቢሆንም ተከራዩ። ጠረጴዛቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፎጣ ጠምጥመው፣ የተማሪ ፈተና በንፋስ ያርማሉ። እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛው ይነሳል፤ እንግዳው ሲሄድም ይነሳል።

እትየ ስንዱ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ አንዴ ያሉትን የማይደግሙ ሴት ናቸው።

«እትየ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ልክፈት። ሥራውን ራሴ እሠራዋለሁ» አሏቸው መምህር።

«አይሆንም።»

«ምክንያቱን ልወቀው?»

«ቤቱ የኔ ነው።»

መምህር ምክንያቱን ተቀበሉ፤ ከወር በኋላ ግን እንደገና ጠየቁ። እትየ ስንዱም እንደገና አይሆንም አሉ። እንዲህ ሲባባሉ ዓመት አለፈ። «መስኮት ያለው ቤት ለምን አይፈልጉም?» ብላቸው፣ «መስኮት ያለው ቤት ገብቼ ምን እሠራለሁ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

አንድ ሰኔ ዝናቡ በረታና በመንገዱ በኩል ያለው የትልቁ ቤት ግድግዳ ልስኑ ተላጠ። ከልስኑ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ክፈፍ ብቅ አለ፤ መሀሉ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል። ከትምህርት ቤት አብረን ስንመለስ መምህር አዩትና መንገዱ መሀል ቆሙ። ሄደው እንጨቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ በቀጥታ ወደ እትየ ስንዱ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«እዚህ መስኮት ነበረ» አሉ።

«ነበረ» አሉ እትየ ስንዱ። ምስር ይለቅሙ ነበር፤ በዳሰሳ ነው የሚለቅሙት።

«ማን ደፈነው?»

«እኔ።»

«በገዛ እጅዎ?»

«በገዛ እጄ። ባሌን በሱ በኩል ነው የገደሉብኝ።»

ምስሩን መልቀም አላቆሙም። ታሪኩን እዚያው በአጭሩ ነገሩን። ባላቸው ታከለ ከሚባል ሰው ጋር በእርሻ ድንበር ተጣሉ። አንድ ቀን ሲመሻሽ፣ ባልየው መስኮቱ አጠገብ ለራት በተቀመጡበት ታከለ ከመንገድ ላይ ተኮሰ። ታከለ ታሰረ፤ የተፈረደበትን ጨርሶ ወጣ። ሽማግሌ ገብቶ ከሟች ወንድሞች ጋር በወጉ ታረቀ። «እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉ እትየ ስንዱ። «ድንበሩ የወንዶቹ ነው፤ ደሙም የወንዶቹ ነው። እኔ መስኮቱን ደፈንኩ።»

መምህር «አላወቅኩም» አሉ።

«አልነገርኳችሁም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ስወጣ መምህር ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃና ጭድ ይረግጣሉ። ካፖርት ሳይለብሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ስለሆነ መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ጭቃውን ተሸክመው ወስደው ያንን ግድግዳ ለሰኑት። እንጨቱ እስኪጠፋ ድረስ ለሰኑት፣ በእጃቸው አሹት፣ በውሃ አለሰለሱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስኮት ክፈቱ ሲሉ የኖሩ ሰው የመስኮት ድፍን ሲያሳምሩ ዋሉ። እትየ ስንዱ ወጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው አበሱና «ጥሩ ልስን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ መምህር ስለ መስኮት ለእትየ ስንዱ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ክረምቱ ሳይወጣ እትየ ስንዱ ግቢው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሄደው ሰንብተው ተመለሱ፤ ግን መቆም አልቻሉም። ልጅ የላቸውም። የጎረቤት ሴቶችና እኔ እየተፈራረቅን ማስታመም ጀመርን። አልጋቸው በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ትይዩ ነው። በሩ ከአልጋው ሩቅ ስለሆነ ቢከፈትም እዚያ የሚደርስ ብርሃን የለም። መብራት የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ የለም።

ሲውል ሲያድር እትየ ስንዱ ጊዜ ተምታታባቸው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ አመሻሽ ላይ ስገባ «ነጋ?» ይሉኛል። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብ «ለምን አመሸሽ?» ብለው ይቆጣሉ። ምግብ እየተዉ ሄዱ። መምህር በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ አምጥተው አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ይኸን ውሰዱት» አሉ እትየ ስንዱ። «ይኸ ሲበራ መምሸቱን ነው የሚነግረኝ። መንጋቱን አይነግረኝም።»

መምህር ፋኖሱን ይዘው ወጡ። በየቀኑ ግን እየገቡ አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። በዚያ ጨለማ፣ መዳፋቸውን ሳያዩ፣ ይቀመጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ማን እንደ ቀደሰ ያወሩላቸዋል። እትየ ስንዱ አንዳንዴ ይሰማሉ፣ አንዳንዴ ያንቀላፋሉ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ሁለታችንም ባለንበት እትየ ስንዱ «መምህር» አሉ።

«አቤት።»

«ያንን ነገር ክፈቱልኝ።»

መምህር የቱን ብለው አልጠየቁም። «ከፍ አድርጌ ልክፈተው» አሉ። «ከሰው ቁመት በላይ። ብርሃን ይገባል፣ ከውጭ ግን ማንም አያይዎትም።»

«ከፍ ካለማ የማየው ሰማዩን ነው። ሰማይ ምን ያደርግልኛል? መንገዱን ነው የምፈልገው። በነበረበት ክፈቱልኝ።»

መምህር ድጅኖ ተውሰው መጡ። የራሳቸው ልስን ስለነበር አስቸገራቸው። ከልስኑ በኋላ ድንጋዩ በቀላሉ ወጣ፤ አንዱ ሲወድቅ ብርሃኑ እንደ ውሃ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። እትየ ስንዱ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቆይተው ቀስ ብለው ገለጡና ቤታቸውን ዙሪያውን ተመለከቱ። ጥላሸቱን፣ የሸረሪት ድሩን፣ ወለሉን አዩ።

«ይኸ ቤት እንዲህ ቆሽሿል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። መጥረጊያውን አንስቼ እንደገና ጀመርኩ። ያን ቀን እትየ ስንዱ እንጀራቸውን ጨረሱ።

መምህር ክፈፉን ጠግነው የእንጨት መዝጊያ ሠሩለት። እትየ ስንዱም ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው መንገዱን ተቆጣጠሩት። ማን ወፍጮ ቤት ሄደ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ፣ የማን በግ ከመንጋው ጠፋ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። መምህርንም «ትናንት ቆብ ሳታደርጉ ነው የወጣችሁት» ይሏቸዋል። መምህር ይህን ሁሉ በደስታ ተቀበሉ ማለት ባልችልም፣ ተቀበሉ።

ከዚያ አርብ መጣ። እኔና መምህር የምናስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ቤት ነን። ገበያተኛው በእግሩም በአህያውም መንገዱን ሞልቶት ይተማል። እትየ ስንዱ የሚያልፈውን ሰው ስም እየጠሩ ሲነግሩን ድንገት ዝም አሉ። ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ሽበታም ሰው ገብስ የጫነች አህያ እየነዳ ይመጣል።

«ታከለ ነው» አሉ እትየ ስንዱ።

ለካ ሰውየው ከእስር ከወጣ ጀምሮ አርብ አርብ በዚያ መንገድ ያልፋል። በድፍኑ ግድግዳ በኩል ማን እንደሚያልፍ እትየ ስንዱ አያዩም፤ የነገራቸውም የለም። መምህር ከተቀመጡበት ብድግ ብለው የመስኮቱን መዝጊያ ያዙ። መስኮት ሊዘጉ ሲነሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተዉት» አሉ እትየ ስንዱ።

«እትየ፣ ይቅርብዎ...»

«ተዉት። እኔ እንዳየሁት እሱም ይየኝ።»

ታከለ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ክፍት መሆኑን አየ፤ ከውስጥም እሳቸውን አየ። ባለበት ቀረ። አህያዋ ብቻዋን ቀጠለች። ቆይቶ እንደ መንቃት አለና አህያዋን ተከትሎ ሄደ።

በሚቀጥለው አርብ መምህር ጠዋት ወንበር ይዘው ገቡና ልክ መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ። መስኮቱን በሰፊ ካፖርታቸው ሞሉት። ቤቱ ጨለመ።

«መምህር፣ ብርሃኑን ጋረዳችሁብኝ» አሉ እትየ ስንዱ።

«አውቃለሁ።»

«መሣሪያ ቢይዝ መጀመሪያ እናንተን ነው የሚመታ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ታከለ መጣ፤ በመምህር ትከሻ በኩል ሳየው ባርኔጣውን አውልቆ መንገዱ ዳር ቆሟል። እጁ ላይ ከበትር በቀር ምንም የለም። ትንሽ ቆሞ ሄደ። የሚቀጥለው አርብም እንዲሁ፤ በኋላ በኋላ ከቆመበት ሆኖ ሰላም ማለት ጀመረ። መምህር በየሳምንቱ ወንበራቸውን ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርጉ ጀመር። ጥር ሲገባ ግማሹ መስኮት ተከፈተ፤ በዐቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን መምህር ጥግ ላይ ደረሱ።

ያን አርብ ታከለ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ መስኮቱ ጥቂት ተጠጋ።

«እንደምን አደርሽ ስንዱ» አለ።

ሰላም ሲላቸው የመጀመሪያው አልነበረም፤ ካሁን በፊት ግን መልስ አግኝቶ አያውቅም።

«እግዜር ይመስገን» አሉ እትየ ስንዱ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«እኔ ያን ጊዜ ጓዳ ነበርኩ። የሰማሁት ድምፁን ነው። ስወጣ ወድቋል። ከመውደቁ በፊት ምን ያደርግ ነበር?»

መምህር ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ፤ ግን አልተነሱም። ታከለ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት አየ።

«ተይው ስንዱ» አለ።

«ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«ይስቅ ነበር» አለ ታከለ።

«ብቻውን?»

«ወደ ጓዳው ዞሮ። አንቺ የሆነ ነገር ብለሽው ይመስለኛል። አልሰማሁም። እሱ ግን ሰምቶ ሳቀ።»

ገበያተኛው በታከለ ጀርባ ያልፋል።

«ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ እንዳትቆጣ ብዬው ነበር» አሉ እትየ ስንዱ በመጨረሻ። «መስማቱን አላወቅኩም ነበር።» ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሂድ እንግዲህ፤ ገበያው ሳይፈታብህ» አሉት።

ታከለ እጅ ነስቶ ሄደ። እትየ ስንዱ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ ቀሩ። መምህር ገዛኸኝ ወንበራቸውን አነሱና ወደ ጓሮ ወጡ። ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸው እርጥብ ነበር።

«ፊቴን ታጠብኩ» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ያን ሰሞን የግቢው ቧንቧ ደርቆ ውሃ የምናስቀዳው ከወንዝ ነበር፤ እንስራውም ባዶ ነበር።